የማር ገዢው አፍንጫ

አባቴ ማር ሲገዛ የማያፈርሰው ሥርዓት ነበረው። ሻጩ የቅሉን ክዳን ሲያነሣለት ወዲያው አይቀምስም። ቅሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ፊቱ ያስጠጋል፤ ዓይኑን ይከድናል፤ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ይስባል፤ ጣቱን የሚነክረው ከዚያ በኋላ ነው። በቱርሚ ገበያ ማር ይዘው የሚመጡ የሐመር ሰዎች ይህን ልማዱን ያውቁለትና ይወዱለት ነበር። ሳያሸት የሚቀምስ ገዢ በእነሱ ዓይን፣ ሰው ቤት ገብቶ ሰላም ሳይል የተቀመጠ እንግዳ ነው። አባቴ አሽትቶ ሲያበቃ ማሩ ከየትኛው አበባ እንደ መጣ፣ ከዝናብ በፊት ይሁን በኋላ እንደ ተቆረጠ፣ ቆራጩም ጭስ አብዝቶበት እንደ ሆነ ይናገራል። ሻጩ ይስቃል፤ አለዚያም ይከራከራል። ዋጋ የሚነሣው ከክርክሩ በኋላ ነው።

ይህን ንግድ የጀመረው መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ከጂንካ ወደ ቱርሚ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ አቧራ እየቃሙ በሚኬድበት ጊዜ ነው። እኔ በማር በርሜሎች መካከል አደግሁ ብል ብዙ ማጋነን የለበትም። እኛ አሪዎች ነን፤ በቤታችን አሪኛ፣ በገበያና በትምህርት ቤት አማርኛ እንናገራለን፤ አባቴ ለንግዱ ሲል ሐመርኛ ጨምሮበታል። ቋሚ ደንበኞቹ የጠጅ ቤት ባለቤቶች ሲሆኑ፣ እሱ ራሱ የወንጌል አማኝ በመሆኑ ጠጅ ባፉ አይዞርም። ይህን እያነሡ የሚተርቡት ሰዎች አልጠፉም። እሱም ማሩን እስከ ደጃፋቸው ብቻ እንደሚሸኘው፣ ከዚያ ወዲያ ለሚሠራው ኃጢአት ግን እንደማይጠየቅ ይነግራቸዋል።

አፍንጫው መታፈን የጀመረው መቼ እንደ ሆነ ከቤታችን በትክክል የሚያስታውስ የለም። በአገራችን ራሱን ያመመው፣ ጉንጩ የከበደው፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥሰው ሁሉ «ሳይነስ አለብኝ» ይላል። አባቴም እንደ ሰዉ ሳይነስ አለብኝ አለ፤ ነገሩም በዚያው ስም ተሸፍኖ ዓመታት ቆየ። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ ባፍንጫው አደረገችለት፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ በእንፋሎቱ አጠነችው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ሁሉም ለጥቂት ቀን ቀለል ያደርግለትና ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። ባፉ እየተነፈሰ መተኛትን ለመደ፤ ድምፁ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ጀመር። እኛም ለመድነው።

ያልለመድነው ነገር የታወቀው በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ ነው። ከወዳጆቹ ወገን ያልሆነ፣ ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቅ ነጋዴ ማር በፕላስቲክ በርሜል አስጭኖ ቤታችን ድረስ መጣ። አባቴ እንደ ወትሮው በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ ረጅም ትንፋሽ ሳበና መልካም ነው አለ። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ኮረሪማ ትለቅም ነበር፤ ክዳኑ ሲነሣ የሻሿን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ስታደርግ አየኋት። እኔም ከበሩ ሆኜ ሸተተኝ። ከእጭ ጋር የተጨመቀና በእበት ጭስ የታፈነ ማር ነበር፤ ጣፋጭነቱ ባይጎድልም ሽታው የተቃጠለ ቆዳ ነው። አባቴ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ፤ ምላሱ ግን ጣፋጩን ብቻ ነገረው።

ነጋዴው ከሄደ በኋላ እናቴ ለቀማዋን ሳታቋርጥ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ጠየቀችው። ምኑ ከመቼ ጀምሮ እያለ ሊሸሻት ሞከረ፤ ኋላ ግን ቆይቷል አለ። በየገበያው ዓይኑን ይከድንና ትንፋሽ ይስብ የነበረው ለሻጮቹ ክብር ሲል ብቻ ነው። ማሩን የሚመርጠው በመልኩና ከጣቱ ላይ ሲወርድ በሚዘረጋው ክር ነበር። እናቴ በርሜሉ ይደፋ አለች፤ እሱ ማንም እንዳይነካው ከልክሎ ከጓዳው ጥግ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ካላሸተትኩ ገዢ አይደለሁም፤ ተሸካሚ ነኝ።»

እኔ በዚያን ጊዜ በከተማችን የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነበርኩ። ጭንቀት ሲይዘኝ ማንበብ ልማዴ ነው፤ ያወቅሁት ነገር ያነሰ ያስፈራኛል የሚል እምነት ነበረኝ። በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምር ወዳጄ ስለ አፍንጫና ሳይነስ የቀዶ ጥገና አናቶሚ የተጻፈ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት አውጥቶ አዋሰኝ፤ እኔም መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ገጽ በገጽ ተያያዝኩት።

እስከዚያ ድረስ አፍንጫ ለእኔ ሁለት ቀዳዳ ያለው ቱቦ ነበር። መጽሐፉ ግን ባለብዙ ክፍል ቤት አሳየኝ። መካከሉን ግድግዳ ይከፍለዋል። በግራና በቀኝ ካለው የጎን ግድግዳ፣ ለስላሳ ሥጋ የለበሱ የአጥንት ቅጠሎች አንዱ ከሌላው በታች ተንጠልጥለዋል። ከየቅጠሉ ሥር መተላለፊያ አለ፤ በየመተላለፊያውም አየር ብቻ የሚኖርባቸው ክፍሎች በር ይከፈታል። እነዚህ ክፍሎች ናቸው ሳይነስ የሚባሉት፤ የጉንጭ አለ፣ የግንባር አለ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል የተደረደሩ ጥቃቅን አሉ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ከአንጎል ሥር የተሸሸገ አለ። ሽታ የሚለየው በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ሳይሆን ከሁሉ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ጣሪያው በዚያ ቦታ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ሲሆን፣ በቀዳዳዎቹ በኩል የሽታ ነርቭ ክሮች ወደ አንጎል ይወጣሉ። የሰው ልጅ በርበሬንና አፈርን፣ ማርንና ጭስን የሚለይበት ሥፍራ ያን ያህል ትንሽ መሆኑ አስደነቀኝ።

አድናቆቴ የቆየው ስለ ጎረቤቶቹ የሚናገረውን ምዕራፍ እስካነብ ነው። በጥቃቅኖቹ ክፍሎችና በዓይን መካከል ያለው አጥንት ከመሳሳቱ የተነሣ ስሙን ከወረቀት ወስዷል። ከጣሪያው በላይ አንጎል አለ፤ የጣሪያው ከፍታም ከሰው ሰው፣ አንዳንዴም በአንዱ ሰው በግራና በቀኝ ይለያያል። በመጨረሻው ክፍል ግድግዳ ላይ የዓይን ነርቭና ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ያልፋሉ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ በረጋ ቋንቋ ይገልጸዋል፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን ሳየው የሚታየኝ ከወረቀት ግድግዳ አጠገብ የሚሄድ ስለት ነበር። ሽታውን ሲፈልግ ብርሃኑን እንዳያጣ ፈራሁ። ፍርሃቴን ባልነግረውም ደርሶበታል። መጽሐፉን ከያዝኩ ወዲህ ፊቴ የለቅሶ ቤት መምሰሉን፣ ለራሱ መዳን ሲል እንድመልሰው እንደሚፈልግ እየሣቀ ነገረኝ።

ከጂንካ በወይጦ በኩል ወጥተን፣ የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ወዳለበት ሩቅ ከተማ ሄድን። ሐኪሙ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይበልጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ጫፉ ላይ መብራት ያለበትን ቀጭን ዘንግ ወደ አፍንጫው አስገብተው አዩ፤ የጭንቅላት ሲቲ ስካን አዘዙ፤ ፊልሙ ሲመጣ በመብራት ሰሌዳው ላይ ሰቅለው አባቴን ምን እንደሚሠራ ጠየቁት። ማር እንደሚገዛ፣ ጥቂት ቀፎም እንዳለው ነገራቸው።

«እንግዲያው ቀለለኝ፣ አባባ» አሉና የእርሳሳቸውን ጫፍ በሁለቱ ዓይኖች መካከል አደረጉ። «ይህ የማር እንጀራ ነው።»

በእርግጥም ይመስል ነበር። በስስ ግድግዳ የተለያዩ ትናንሽ ክፍሎች ተደርድረዋል። ጤናማ ቢሆኑ ኖሮ አየር ብቻ ስለሚኖርባቸው በፊልሙ ላይ ጥቁር ሆነው ይታዩ ነበር፤ የአባቴ ግን ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ ከዚያ የማር እንጀራ ውስጥ ፖሊፕ የሚባል ውኃ የቋጠረ፣ የገረጣ ለስላሳ ሥጋ በቅሎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ መተላለፊያዎቹን ዘግቷል፤ የሽታዋንም ስንጥቅ ደፍኗታል። ክፉ ዕጢ አይደለም፤ በቀዶ ጥገና መውጣት ግን አለበት። አባቴ እንደ እጭ ነዋ አለ፤ ሐኪሙም በመልኩ አዎ አሉት።

ከዚያ አባቴ ፊልሙን ጠጋ ብሎ አየና የራሱን ጥያቄ ጠየቀ።

«እኔ ማር ስቆርጥ እጩ ያለበትን እንጀራ አልነካም። እሱን ከነካሁ ንቧ ትሄዳለች። እናንተስ የማትነኩት የትኛውን ነው?»

ሐኪሙ ጥያቄውን እንደ ወደዱት ፊታቸው ላይ አየሁ። ከወንፊቱ ጣሪያ የምትወርደውን መካከለኛዋን ቅጠል አሳዩት። ከእሷ ወደ ዓይን በኩል ያለውን የማር እንጀራ ያጸዳሉ፤ ከእሷ ወደ መካከለኛው ግድግዳና ወደ ላይ ያለው ግን የሽታ ቦታ ስለ ሆነ ስለት አያስገቡበትም። ቅጠሏንም ከተንጠለጠለችበት አያናጉም፤ ከእሷ ጋር ጣሪያው ሊሰነጠቅ ይችላልና።

ስለ ጉንጩ ክፍልም ነገሩን። የክፍሉ በር ከወለሉ አጠገብ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ከጣሪያው አካባቢ ነው። የክፍሉን ውስጥ የለበሱ የማይታዩ ፀጉሮች ንፍጡን ሽቅብ እየጠረጉ ወደዚያች በር ያደርሱታል። ቀድሞ ሐኪሞች ፈሳሹ በቀላሉ ይውረድ ብለው ከታች በኩል ሌላ በር ይከፍቱ ነበር፤ ፀጉሮቹ ግን አዲሱን በር አልፈው ወደ ጥንቱ በር ይጠርጉ ነበር። ስለዚህ አሁን የሚሠራው ጥንት የነበረውን በር ማስፋት ነው። አባቴ ይህን ለመቀበል ጊዜ አልፈጀበትም፤ ንብም እንዲሁ ናት፣ ሌላ ቀዳዳ ቢከፍቱላት የምትመለሰው በለመደችው ነው አለ።

ተራዬ ሲደርስ ስለ ወረቀቱ ግድግዳ ጠየቅሁ፤ ስለ ዓይን ነርቩም ጨመርኩበት። ሐኪሙ መጽሐፍ እንዳነበብኩ ተናገሩ።

«ዶክተር፣ እሱን እያየህ አትደንግጥ» አለ አባቴ። «የታመምኩት እኔ፣ የሚሞተው እሱ ነው።»

ሐኪሙ ከሣቁ በኋላ በቁም ነገር መለሱልኝ። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ፊቱ በጨርቅ ሲሸፈን ሁለቱ ዓይኖች ግን አይሸፈኑም፤ ነርሷ ሳታቋርጥ ታያቸዋለች። እሳቸውም ጥርጣሬ በገባቸው ጊዜ የተከደነውን ዓይን በጣታቸው ቀስ ብለው እየተጫኑ በካሜራው ወደ ውስጥ ይመለከታሉ። ውስጡ ያለው ግድግዳ አብሮ ከተንቀሳቀሰ፣ በዚያ ቦታ አጥንቱ ሳስቷል ወይም የለም ማለት ነው፤ ወደዚያ አይቀርቡም። ከመጽሐፉ ካነበብኩት ሁሉ ይህ አንድ የጣት ሥራ ይበልጥ አሳረፈኝ። ስለ ሽታው ግን ያሉት ሌላ ነው።

«በሩን እከፍትልዎታለሁ። ከቤት ውስጥ ያለው ሰው ተነሥቶ ይወጣል ብዬ ግን ቃል አልገባም። ብዙ ተኝቷል።»

የቀዶ ጥገናው ቀን ከመተላለፊያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። መጽሐፉን ይዤ ነበር፤ አልገለጥኩትም። ሐኪሙ ሲወጡ ገና ጭንብላቸውን ከማውረዳቸው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ደህና ናቸው አሉኝ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገውን ያውቁ ነበር። ግድግዳው በአንድ በኩል ሳስቶ ስላገኙት ከዚያ ርቀው ሠርተዋል። በኋላ አባቴ ከማደንዘዣው ሲነቃ ጎንበስ ብዬ ያየኝ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። አፍንጫው በጥጥ እንደ ታሸገ፣ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ መረመረኝ።

«አየሁህ። ፊትህ ያው ነው።»

ክትትሉ እስኪያልቅ ድረስ በዚያው ከተማ በእናቴ ዘመድ ቤት ተቀመጥን። ጥጡ ወጣ፤ አፍንጫውን በጨው ውኃ እንዲያጥብ፣ በኃይልም እንዳይናፈጥ ታዘዘ። እሱም ትእዛዙን አከበረ፤ ግን የራሱን ጨመረበት። በእኛ አገር ለቁስል፣ ለቃጠሎ፣ መጥረቢያ ለመታው እግር የሚቀባው ማር ነው። አባቴ በአንዲት ብልቃጥ ማር ከጂንካ ይዞ መጥቶ ኖሯል፤ ካጠበ በኋላ ማንም ሳያየው ጥጥ በክብሪት እንጨት ጠቅልሎ በማር እየነከረ ውስጡን ይቀባ ነበር። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ መብራቱን አስገብተው አዩ።

«አባባ፣ ጉንዳን አልጎበኘዎትም?»

አባቴ ካንገቱ ቀና ብሎ አመነ፤ መድኃኒት ነው ያደረግሁት አለ። ሐኪሙ አልተቆጡም። የእግር ቁስል ቢሆን እንደማይከራከሩት፣ እዚህ ግን እነዚያ ጠራጊ ፀጉሮች ሥራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ ማሩ እንዳጣበቃቸው ነገሩት። አባቴ አሰበበትና እውነታቸውን ነው አለ፤ ንብ ራሷ ማር ውስጥ ከወደቀች አትበርም። ሐኪሙ ቅርፊቱንና ማሩን በቀጭን መምጠጫ አጸዱለት። ከዚያ ዓይኑን አስጨፍነው የተፈጨ ቡና ከአፍንጫው ሥር ያዙለት።

አባቴ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ያንን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፤ ለሻጭ ክብር የሚሳብ ትንፋሽ ነው።

«መልካም ነው» አለ።

ሐኪሙ ምንድን ነው አሉት። አባቴ ዓይኑን ገልጦ ወደ ሐኪሙ እጅ ተመለከተ። ቁስሉ ገና ነው፣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ እጥበቱን አያቋርጡ ተባልን። በጨዋነት ተሰናብተን ወጣን።

በማግሥቱ ወደ አገራችን ተሳፈርን። በመንገዱ ሁሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከት ነበር። የቱርሚ ጉዞውን ሌላ ሰው ቢረከበው እንደሚሻል፣ እሱም ከቀፎዎቹ ጋር ቢውል እንደሚበቃው፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል ዝቅ አድርጎ አነሣ። ወይጦ ስንደርስ ሙቀቱ በረታ፤ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ፤ እኛ ሳንወርድ ቀረን። እኔ በማንኛውም ወቅት ካልሲና የቆዳ ጫማ የማደርግ ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼም ይህን ያውቁልኛል። በዚያን ቀን ግን እግሬ ስላበጠ ጫማዬን አውልቄ ከወንበሩ ሥር አደረግሁ።

ጥቂት ቆይቶ አባቴ ከመስኮቱ ዞረ። ፊቱን አኮማተረ። ወደ ወለሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ በአሪኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ እግርህ ነው?»

«ምኑ?»

«ይሄ የሞተ ነገር።»

ሰው እንዲህ ሰድቦኝ አያውቅም፤ እንደዚያም ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁ፤ አሁን ቀነሰ አለ። አወለቅሁ፤ ኧረ በቃህ አለኝና ጉልበቴን በመዳፉ መታ። ሁለታችንም መሣቅ ጀመርን፤ ቁስሉ እንዳይደማ ብዬ ብለምነውም አላቆመም፤ ከፊታችን ያለች እናት ዞራ እስክታየን ድረስ። ከዚያ በመስኮቱ ማንጎ ከምትሸጥ ልጅ ገዛና አሸተተ፤ የማንጎው ሽታ አልመጣለትም። አላዘነም። ክፉው ከቀደመ መልካሙም መንገድ ላይ ነው አለ፤ ማንጎውን እንደ ያዘም እስከ ጂንካ ተኛ፤ አፉን ገጥሞ።

ቤት እንደ ደረስን እናቴን ሰላም ብሎ ቀጥታ ወደ ጓዳው ገባ። የበርሜሉን ክዳን አንሥቶ፣ ዓይኑን ሳይከድን ጎንበስ አለ፤ ወዲያው ፊቱን አዞረ። ይህን ነው ወይ መልካም ነው ያልኩት ብሎ ጠየቀ።

«ዓይንህን ከድነህ» አለችው እናቴ።

በርሜሉ በዚያው ቀን ጓሮ ተደፋ። ማንጎው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ፣ ልጣጩ ከተጣለ ብዙ ቆይቶ፣ ከእናቴ ጋር ኮረሪማ እየለቀሙ ሳለ መጣለት፤ ከእሱ የቀደሙት መጀመሪያ ኮረሪማው ራሱ፣ ቀጥሎ እርጥብ አፈር፣ ቀጥሎ ሳሙና ነበሩ። አንዳንዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ኬሮሲንና ሎሚን አይለይም። ጠዋትና ማታ በጨው ውኃ ያጥባል፤ ሐኪሙ ፖሊፕ የመመለስ ልማድ እንዳለው ስለ ነገሩን ቀጠሮውን አናሳልፍም።

ወደ ቱርሚ በተመለሰበት ሰኞ አብሬው ሄድኩ። የቀድሞ የማር ወዳጁ፣ ጸጉሩ የሸበተ የሐመር ሰው፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ቅሉን አስቀምጦ ይጠብቀው ነበር። አባቴ ቅሉን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ዓይኑን ከደነ፤ ትንፋሹን ሳበ። እኔ የራሴን ትንፋሽ ይዤ ቆምኩ። ዓይኑን ሲገልጥ በሐመርኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ፤ ሽማግሌውም እጁን እያወናጨፈ መለሰለት፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። ተጣሉ ብዬ ደነገጥኩ። ኋላ እንደ ተረጎመልኝ፣ አባቴ ያለው ጭስ አብዝተህበታል ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ ጭሱ ከአንተ ልብስ ነው የሚሸትህ አለው።

ክርክሩ በረድ ሲል ሽማግሌው ሌላ ነገር ጨመረ። አባቴ እሱን ወዲያው አልተረጎመልኝም፤ በመኪና ስንመለስ ነው የነገረኝ። ሰውዬው አባቴ መከራከር ካቆመ ጀምሮ እንደማያሸት ያውቅ ነበር። ለዚያ ሁሉ ጊዜ ከማሩ የተሻለውን ለአባቴ እየለየ፣ ጭስ የበዛበትን ለሌላ ገዢ ሲሰጥ ኖሯል። አባቴ ለምን አልነገርከኝም ብሎ ጠይቆት ነበር።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ሰላም ስትለኝ ነበር እኮ አለኝ። ሰላም ላለ ሰው ምን ይባላል?»

ቅሉን በጉልበቱ መካከል አጥብቆ ይዞ ነበር፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ክዳኑን ከፈት እያደረገ ያሸት ነበር።

«አብዝቶበታል» አለ በመጨረሻ። «ልብሴ አይደለም።»